ሁንዴሳ የጠገነልን መብራት

የ1975ን ክረምት የማስታውሰው በጆሮዬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኔና ባለቤቴ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እየጮህን ነበር የምናወራው። የሰፈራችን የመካኒሳ አቦ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። ያን ዝናብ ግን እወደው ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ቤታችን የሚሰበሰቡት ሰዎች ዝናብ ሲጥል ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ይዘምራሉ፤ ከውጭ አይሰማም። ዝናቡ ቀጥ ሲል እኛም ቀጥ እንላለን። ክረምቱን ሙሉ ልቤ እንደዚያው ነበር፣ ከፍ ዝቅ ሲል።

ጴንጤ እየተባልን የምንሰደብበት ጊዜ ነው። ቤተ ጸሎታችን ከታሸገ ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ እስጢፋኖስ፣ አሁን ወደ ጌታ ሄዷል፣ ጎፋ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያዥ ነበርና ሁሉን ነገር መጻፍ ይወዳል። የኅብረታችንን ሰዎች ስም ሰማያዊ ሽፋን ባላት ደብተር ላይ መዝግቦ ይዞ ነበር፤ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ማን ወደ የትኛው ሰፈር ተዛወረ። አርባ አንድ ሰው ነበርን። ያቺ ደብተር ቀበሌ እጅ ብትገባ አርባ አንዳችንም እንለቀም ነበር።

ስለዚህ ደብተሯን፣ አራት የመዝሙር መጽሐፍና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ በላስቲክ ጠቅልለን ከኮርኒሱ በላይ አስቀመጥን። ኮርኒሱ የዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በእንጨት ላይ የተወጠረ፣ ኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነው። በአንዱ ጥግ ሁለት ምስማር አላላን። ረቡዕ ረቡዕ ጥቅሉን በመጥረጊያ እንጨት ጎትቼ አወርዳለሁ፤ ሰው ሲበተን በዚያው እንጨት ገፍቼ እመልሳለሁ።

ሐምሌ ላይ መብራቱ እምቢ አለ። ሐምሌ ነው? አይ፣ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። መጀመሪያ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በኋላ ጭራሹን ጠፋ። እስጢፋኖስ የማድ ቤቱን አምፖል አምጥቶ ሰካው፤ አልበራም። የሳሎኑን ማድ ቤት ወስዶ ሲሰካው ቦግ አለ። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖሉን እንደ እንቁላል ጆሮው ላይ አድርጎ ሲነቀንቅ አየዋለሁ።

“አምፖሉ ጤነኛ ነው” አለኝ። “የታመመው ቤቱ ነው።”

“ቤት ይታመማል እንዴ?”

“እኔ እንጃ ውቤ።”

ዝናብ ገብቶበት ይሆናል አልን። ዝናቡ ሁለት ቀን ሲያባራ ጠበቅን፤ አሁንም የለም። ሦስት ቤት ሆነን በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። የሌሎቹ ቤት ይበራል፣ የእኛ ማድ ቤትም ይበራል፣ ሳሎኑ ብቻ ጨለማ። ነገሩ ግራ ገባን።

ጎረቤቴ ሐሚዳ፣ መርካቶ የሚነግደው የመሐሙድ ሚስት፣ አንድ ቀን ብቅ አለችና፣ “እስከ መቼ ነው በፋኖስ?” አለችኝ።

“ይበቃናል ሐሚዳ።”

“ለእናንተ ይበቃችኋል። ሰው ምን ይላል? በር ዘግተው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ምን ቢያደርጉ ነው አይልም? ሁንዴሳን ልጥራልሽ።”

አይሆንም ከማለቴ ወጥታለች። እሷ በቀና ልቧ ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ያለውን አታውቅም።

ሁንዴሳ በግቢያችን መጨረሻ፣ በወንዙ በኩል ባለችው አንድ ክፍል ቤት ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ከቱሉ ቦሎ አካባቢ በልጅነቱ መጥቶ፣ ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከጠጋኞች ጋር ውሎ ሥራ ለመደ። የግራ እጁ ሌባ ጣት ግማሹ የለም። ሲጠይቁት፣ “ለፋብሪካው አውሼው ነው፤ ጡረታ ስወጣ ይመልስልኛል” ይላል። የሰፈሩን መብራት ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። ችግሩ አብዮት ጥበቃም እሱ ነው። ጠመንጃ ይዞ ሲያልፍ ትከሻው ይጠባል፤ ፒንሳ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ነው፣ ያንጎራጉራል።

ካፖርቱን እንደለበሰ ገባ።

“እንደምን ዋልሽ እትዬ ውብነሽ። መብራቱ አኮረፈ አሉ።”

“ግዴለም ሁንዴሳ፣ ፋኖስ አለን።”

“ፋኖስ ላለው ሰው ነው ሐሚዳ ከሥራዬ ያስነሳችኝ?”

“ከአልጋህ ነው ያስነሳሁህ” አለች ሐሚዳ ከበር ላይ። ስቃ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሻይ ላፍላልህ ስለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም አለኝ። አምፖሉን አየ፤ ደህና ነው። የግድግዳውን ማብሪያ ፈታና እጀታዋ ውስጥ ትንሽ መብራት ያላትን ካቻቢቴውን አስነካት፤ ቀላች።

“እዚህ ድረስ መጥቷል” አለ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉ የሚሰካበትን ነካ። አልቀላችም። “እዚህ ግን አልደረሰም። ከማብሪያው ወጥቶ እዚህ ሳይደርስ የት ቀረ?”

ሁለታችንም ቀና ብለን ኮርኒሱን አየን።

“ቆይ እስቲ፣ ኤሌክትሪኩ እንዲቋረጥ ቫልቮላውን ላውጣና ወደ ላይ ልውጣ” ብሎ ውጭ ወዳለው ቆጣሪ ሄደ። እኔ መጥረጊያውን አንስቼ ጥቅሉን ለመጎተት እንጨቱን በጥጉ አስገባሁ። ስጎትት እንጨቱ ሸሸ፤ ጥቅሉ ከአንዱ ወራጅ እንጨት ወዲያ ወደቀ። ጭራሽ አልደርስበትም። እንጨቱ እጄ ላይ እንዳለ ተመልሶ ገባ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ሸረሪት። የሸረሪት ድር።”

“በፍልሰታ ሸረሪት አይገደልም” ብሎ ሳቀ። ጠረጴዛውን ስቦ ወንበር ደረበበትና የላሉትን ሁለት ምስማሮች በእጁ ነቀለ። ፒንሳ እንኳ አላስፈለገውም። ይኼን ልብ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ራሱና ትከሻው ከአቡጀዲው በላይ ጠፉ። የማየው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሱሪውን ብቻ ነው። ያንጎራጉር ነበር፤ ከዚያ እንጉርጉሮው ተቋረጠ።

“እትዬ ውብነሽ” አለ ከላይ።

“አቤት።”

“እዚህ ቤት አይጥ አለ?”

“የለም። አይ፣ አለ። አለ መሰለኝ።”

“የእናንተ አይጥ ሽቦ አትበላም፤ ትጎትታለች። መጋጠሚያውን ጎትታ ጎትታ አላቀቀችው። ይቺን ዓይነት አይቼ አላውቅም።”

የጥቁር ናስትሮ መቀደድ ሰማሁ፤ ሽቦውን ይጠቀልላል። ወረደና ካፖርቱን ግጥም አድርጎ ቆልፎ፣ “ቫልቮላውን ልመልስ” ብሎ ወጣ። ቆጣሪው ጋ ቆየ። ቫልቮላ መመለስ ያን ያህል አይፈጅም። ተመልሶ፣ “ተጫኚው” አለኝ። በጠራራ ቀን መብራቱ ቦግ አለ።

ከበር ላይ ዞር ብሎ፣ “ቆጣሪው የተመታበትን ጣውላ ማንም እንዳይነካ። እኔ ሳልኖር የነካው ሰው ይደርቃል። ለሐሚዳም ንገሪያት” አለኝ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ።

ማታ እስጢፋኖስ ሲመጣ ነገርኩት። ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ ፈለገ። መጽሐፎቹ ባሉበት ላስቲካቸው ውስጥ ናቸው። ደብተሯ የለችም። ሦስት ጊዜ ፈለገ። ፊቱ ላይ ኖራ ፈሶበት ወረደና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“ወስዷታል” አለ።

“ለምን መጽሐፉን ተወው?”

“እኔ እንጃ።”

ለሰዎቹ እንናገር ወይስ እንሸሽ ስንባባል ነጋ፤ መጽሐፎቹን ማንሳት ትዝ እንኳ አላለንም። ገና በማለዳ ቀበሌ ለፍተሻ መጣ። አምስት ናቸው፤ ሁንዴሳ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላ ነው። ኮርኒሱን በሳንጃ ቀደዱት፤ መጽሐፎቹ ረገፉ። ሁንዴሳ ቤት አልገባም። ውጭ ቆጣሪው ላይ ጀርባውን አስደግፎ ቆሞ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

እስጢፋኖስን አርባ ስድስት ቀን ቀበሌ አሰሩት። ገረፉት። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ “ከማን ጋር ነው የምትጸልየው? ስማቸውን ተናገር።” አልተናገረም። ሲፈታ እግሩ አብጦ ነበር።

“ደብተሯ እጃቸው ቢሆን ለምን ስም ይጠይቁኛል?” አለኝ።

“ሊፈትኑህ ነው። ወይም እሱ ለሌላ ቀን ይዟታል።” እንደዚያ ነበር ያመንኩት። ከአርባ አንዱ አንድም ሰው አልተጠራም፤ ቢሆንም በር በተንኳኳ ቁጥር ቀኑ ዛሬ ነው እላለሁ። ለሁንዴሳ ሰላምታ ነሳሁት። ስምንት ዓመት ግድም በአንድ ግቢ ኖረን “እንደምን ዋልሽ” ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት። በየወሩ እየመጣ ቆጣሪውን ያያል፣ ጣውላውን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ነበር፣ በራችን ላይ ቆሞ፣ “እትዬ ውብነሽ፣ ያቺ አይጥ…” ብሎ ጀመረ። በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ አልሞከረም።

ግንቦት 83 መንግሥት ሲለወጥ አብዮት ጥበቃ ሁሉ ጠመንጃውን እየጣለ ሄደ። ሁንዴሳም ሄደ። ቤቱን ሳይቆልፍ ነው የወጣው፤ ሐሚዳ ናት ቁልፍ ገዝታ የቆለፈችው።

በሚቀጥለው ዓመት ቆጣሪ ሊቀይሩ ሠራተኞች መጡ። ጣውላውን ሲነቅሉት ከኋላው ከግድግዳው በኩል አንድ ነገር ወደቀ። በጥቁር ናስትሮ ዙሪያውን የተጠቀለለ ነው። ሠራተኛው፣ “እማማ፣ ይኼ ምንድነው?” ብሎ ሰጠኝ። በቢላ ከፈትኩት። ሰማያዊዋ ደብተር ናት። ውሃ አልነካትም፤ የእስጢፋኖስ ጽሑፍ እንዳለ ነው፣ አርባ አንዱም ስም። የመብራት ኃይል ሰዎች ወር በወር ቆጣሪ ሊያነቡ፣ ቀበሌዎችም ለፍተሻ ሲመጡ ፊት ለፊታቸው ነበረች።

እስጢፋኖስ ማታ አየና፣ “መጽሐፉ ቢገኝ አንድ ቤት ነው የሚያስጠይቀው” አለ። ፍተሻ እንደሚመጣ ሁንዴሳ ያውቅ ነበር? ካወቀ ለምን “መጽሐፉን አንሺ” አላለኝም? ፈርቶኝ ነው ወይስ ፈርቶልኝ? ላያነብ ይችላል፤ ፊደል መቁጠሩንም አላውቅም። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የቷ እንደምትገድል በምን አወቀ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የሁንዴሳን የአክስት ልጅ በንቲን ነፋስ ስልክ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ይቅርታ የምለው አለኝ አልኩት። በንቲ ከግንቦት 83 ወዲህ ያየው አንድ ጊዜ ነው። ሁንዴሳ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1985 ጥቅምት ውስጥ፣ ዝዋይ ከገበያው ጀርባ ባለ ወፍጮ ቤት፣ ሞተር ሲጠግን ነው።