«ሲሻልሽ ነይ» የተባለችውን ልጄን ይዤ ኮምቦልቻ

የዚያን ለት ደሴ መናኸሪያ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ዘይነባ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሊሸኘን የመጣው ወንድሜ እንድሪስ፣ እንዲሁም ወደ ሐርቡ የሚመለስ ሰይድ የሚባል አንካሳ መንገደኛ ነን። ለቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር የምጽፈው የዚያን ቀን ጉዞ ነው።

ዘይነባ ኮምቦልቻ ፈትል ፋብሪካ ስትሠራ ማሽን ቀኝ እጇን ይዟት ሁለቱ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። በሄደች ቁጥር «ሲሻልሽ ነይ» ይሏታል። ሐኪሙ ግን ጣቶቹ ከዚህ በላይ አይሻላቸውም ብሎናል። በዚያ ሳምንት ካልገባች ቦታዋ ለሌላ ሊሰጥ ነው።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር የፊቱን ወንበር ጨብጬ ዱዓ አደረግሁ።

«እትዬ፣ ይልቀቁት፤ መሪው ያለው ሾፌሩ ጋ ነው» አለኝ ሰይድ።

እግሩን የተሰበረው ኮምቦልቻ መጋዘን ሲሠራ ነው። «እኔንም ‹ሲሻልህ ና› ካሉኝ ክረምት አለፈ። አሁንስ ከእግሬ ይልቅ ቁጭ ማለቱ አመመኝ» አለን። እኛ ስንወርድ እሱ ወደ ሐርቡ ቀጠለ።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጋቢ ያስወልቃል። ፋብሪካው በር ላይ ሻይ በፓስቲ ቀምሰን ገባን።

«ምን መሥራት ትችያለሽ?» አላት ፎርማኑ።

እኔ ቀደምኩ፦ «እንኳን ማሽን፣ እቤትም ጀሪካን አላስነሳትም።»

«ታዲያ ለምን አመጧት?»

ደነገጥኩ። ልጄን በገዛ አፌ ከሥራ ላስወጣት ነው። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ።

«አገራችን ኩታበር፣ አባቴ እግሩን ታሞ ሳለ ሰዉ ለአጨዳ ወንፈል ሲወጣ ቤት አልቀረም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማጭድ ይስል ነበር። ጎረቤቱ የሚያጭደው እሱ በሳለው ማጭድ ነበር።»

ፎርማኑም «እዚህስ ማጭዱ ምንድን ነው?» አለ።

አፌን ልከፍት ስል ዘይነባ «እማ፣ ለእኔ ተይው» አለችኝ። «ክር የሚጠቀለልበትን ቀሰም መለየት ነው። አሁን ሴቶቹ ራሳቸው ሊለዩ ሲነሱ ማሽኑ ይቆማል። እኔ በግራ እጄ ለይቼ ላቀብላቸው።»

ወስዶ አስሞከራት። ጠረጴዛው ወደ ግራዋ እንዲዞር፣ ለጊዜው ግማሽ ቀን እንድትሠራ፣ በየሳምንቱም እሷ እየተጠየቀች ሰዓቱ እንዲጨመርላት አዘዘ።

«እናት ግን በር ላይ አይጠብቁም» አለኝ እየሳቀ።

ብቻዬን ደሴ ተመለስኩ። የተጎዳ ሰው የማይችለውን ሁሉ ይነግሩታል፤ የሚችለውን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እኔም አልጠየቅኋትም ነበር። አሁን ዘይነባ ለእረፍት ስትመጣ ጀሪካኑን በግራዋ ታነሳለች፤ ልቤ ቢፈራም ዝም እላለሁ።

ይህን ለሰይድ ልነግረው እፈልጋለሁ፤ ሐርቡ የት እንደሚኖር ግን ሳልጠይቀው ወረድኩ። ቀኝ እግሩን የሚያነክስ፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ይሠራ የነበረ ሰይድን የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳለ ወሬውን አሰሙኝ።