ኦይታና የእንጨቱ መስኮት

ኦይታ አርባ ምንጭ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ በኮንትራት ሲሠራ ሰባት ዓመት ሞላው። በ2010 ዓ.ም. መምህሩ ጋሻዬ ለትምህርት ውጭ አገር ሲሄድ አንድ ጉድ ጥሎለት ሄደ፤ የቴምብር ያህል ስፋት ያላት፣ ጽሑፍ ላይ ሲያስቀምጧት የምታስነብብ እንጨት። የግራቪሊያ ዛፍ እንጨት በስሱ ተልጦ፣ ቡናማ የሚያደርገው ነገር በኬሚካል ወጥቶለት፣ በቦታው ፈሳሽ ሙጫ ጠጥቶ ነው እንዲህ የሆነው። እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ቢወድቅ አይሰባበርም፣ ሙቀትም እንደ መስታወት አያስገባም። ለአርባ ምንጭ ፀሐይ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

እንግዶች ሊያዩ መጡ። የኮሌጁ ኃላፊ አቶ ሰይፈሥላሴ እንጨቷን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው፣ «ይህ ነገር ለጫኖ ቀበሌ ትምህርት ቤት የአንድ ሜትር መስኮት ይሆናል?» አሉ።

«ይሆናል» አለ ኦይታ።

በጋሞኛ አስቦ፣ «ምናልባት» ማለቱ ነበር። አማርኛ ግን ለ«ምናልባት»ም ለ«አዎ»ም ያቺኑ «ይሆናል» ሰጥታ ጉድ ሠራችው። የኮሌጁ ጸሐፊ የጉብኝቱ ቃለ ጉባኤ ላይ «እንደሚሆን አረጋግጠዋል» ብሎ አሰፈረ። ተጨበጨበ። በሳምንቱ ኦይታ የቋሚነት ደብዳቤ ደረሰው፤ ሚስቱ አቢጋኤል ደብዳቤውን ይዛ በደስታ አለቀሰች። እስቲ ያን ጊዜ ማን አፉን ሞልቶ «ተሳስታችኋል» ይላል?

ከዚያ ወዲያ ቤተ ሙከራው እስር ቤት ሆነበት። ከመዳፍ የሰፋው ሁሉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ወፈር ያለው ወተት መስሎ ይቀራል። አንድ ቀን እንደምንም ጨክኖ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ምናልባት ማለቴ ነበር።»

«ተው እንጂ ኦይታ። ደብዳቤህ የወጣው በዚያ ቃለ ጉባኤ ነው፤ እሱን ከነካህ ራስህን ነካህ።»

ወጣ። ሦስት ወር ዝም አለ፤ ፈርቶ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሚያዝያ ዝናቡን ይዞ ሲገባ የጫኖዋ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ወርቂቱ አስጠሩት። ሲደርስ የአንዱ ክፍል ግድግዳ በሚመጣው መስኮት ልክ ፈርሷል። የማዳበሪያ ጆንያ ወጥረውበታል፤ ዝናቡ ግን በጎን ይገባል። እዚያ ጋ የተቀመጡት ልጆች ደብተራቸውን ልብሳቸው ውስጥ ደብቀዋል።

«እትዬ፣ መስኮቱ አይመጣም» አለ ኦይታ። «እንዲህ ሰፊ አድርጌ መሥራት አልችልም።»

ወይዘሮ ወርቂቱ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ይህን ያወቅኸው መቼ ነው ልጄ?»

«ግድግዳው ሳይፈርስ።»

ሴትዮዋ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ እንዲሉ ነገሯቸው።