ስምንት ደቂቃ የዘገየው ደወል

እመቤት ደብረ ታቦር ላይ የኮምፒውተር መምህርት ናት። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ አንዱ አሮጌ ኮምፒውተር ቀኑን በፈረንጆች 1970 ብሎ አሳየና ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«የሰዓቱ ባትሪ ሞቶ ነው» አለች። «ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት ማለት ነው፣ ሲነሳ ባትሪ ያለውን ሰዓት አንዴ ያያል። ከዚያ ወዲያ ራሱ ነው የሚቆጥረው፤ ውስጡ ያለው ክሪስታል፣ እንደ ልብ ሳያቋርጥ የሚመታ ትንሽ ቁራጭ፣ በመታ ቁጥር ይደምራል።»

ስርጉት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቆጠራው ወደ ኋላ ቢቀርበትስ፣ መምህርት?»

«ትክክለኛውን ከኔትወርክ ይጠይቃል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ግን በአንዴ ዘሎ አይደርስበትም፤ ቢዘል የተጀመረው ሥራ ይዘበራረቃል። እያንዳንዷን ሰከንድ በጥቂት በጥቂቱ እያሳጠረ ይደርስበታል።»

ይህን እንዳለች አባቷ ትዝ አሏት።

አቶ ይሻው አንበሳሜ ውስጥ የትምህርት ቤት ዘበኛም ደወል ደዋይም ነበሩ። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ጠዋት በራዲዮ ዜና የእጅ ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በእሷ ይደውላሉ። እመቤት አምስተኛ ክፍል ሳለች፣ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ርዕሰ መምህሩ አቶ ታደሰ እየተጣደፉ መጡ።

«አቶ ይሻው፣ ሰዓትዎ ስምንት ደቂቃ ዘግይቷል! ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቁረጡት!»

«የሚቀጥለው መምህር ምን በደሉ፣ ጌታዬ? አራት ክፍለ ጊዜ ይቀረናል። ሁለት ሁለት ደቂቃ ላንሳ፣ ማንም ሳይጎዳ እንደርሳለን።»

ደረሱም። ተማሪው በሰዓቱ ተለቀቀ፤ አጠገባቸው ቆማ ከሰማችው ከእመቤት በቀር ያወቀም አልነበረ።

ቅዳሜ እመቤት አንበሳሜ ወረደች። አባቷ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ ያኔ በደወሉ ያደረጉትን ነገር ዛሬ ኮምፒውተርም ያደርገዋል» ብላ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዴት እንደሚጠይቅ አስረዳቻቸው።

«ራዲዮ ይሰማል በይኛ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያን ቀን እኮ ሰዓቷን መሙላት ረስቼ ነው። እናትሽ ሲያማት አድሮ ራዲዮውንም አልከፈትኩት።»

እመቤት ይህን ሰምታ አታውቅም። እናቷ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነበር።

«ለምን አልቀሩም ታዲያ?»

«ትምህርት ቤት ብውል ይሻለኛል አልኩ። ደግሞ አንቺም እዚያ ነበርሽ።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ እናቷ ሲያወሩ ወደ ደብረ ታቦር የምትሄደው የመጨረሻዋ ሚኒባስ አመለጠቻትና እዚያው አደረች።