የሚነዝረው ፍሪጅ

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ከገበያ የተመለሰችው ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ ነው። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ በረንዳው ላይ ቁጭ አለችና... «የወንድምህ ሥራ የሰው ልጅ ሊገድል ነበር አሉ» አለችኝ።

ወንድሜ ጌታነህ ኤሌክትሪሻን ነበር። ከፋሲካ በኋላ ካራቆሬ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተብን። እዚህ ሸዋ ሮቢት የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግቶ የሰጠው ቤት ብዙ ነው። አንዱ የእትዬ ጥሩወርቅ ጁስ ቤት ነው። ወሬው ደግሞ ምን መሰላችሁ... የእትዬ ጥሩወርቅ ፍሪጅ አስተናጋጇን ነዝሮ ጣላት፤ መስመሩን የሠራው ጌታነህ ነው።

ልጅቷ ደህና ናት፤ ክንዷ ደንዝዞ ነው የተረፈችው። ወሬው ግን ከሷ ቀድሞ ገበያ ደርሷል።

«አልቅሼለት ሳልጨርስ ስሙንም ሊቀብሩት ነው» አለች እናቴ።

ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

ጁስ ቤቱ ስደርስ ጋሼ ሰይድ መሰላል ላይ ቆመዋል። እሳቸውም ኤሌክትሪሻን ናቸው። ከወንድሜ ጋር በአንድ ከተማ አንድ እንጀራ ሲሻሙ የኖሩ። ድሮ ጌታነህን ይጠራ የነበረ ቤት ሁሉ አሁን የሚደውለው ለሳቸው ነው። ለቅሶ የመጡ ቀን ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው፣ ማንንም ሳያናግሩ ነው የሄዱት። እና ለኔ ነገሩ ግልጽ ነበር... የሟቹ ሥራ ሰው ይገድላል ከተባለ የቀረውም ደንበኛ የሳቸው ነው።

ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉኝ ከላይ።

«የሚሠሩትን እየቀረጽኩ ነዋ።»

«ቅረጽ። ብርሃን ግን አትከልልብኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው «አንተ ልጅ፣ ሐዘንህን ይዘህ ቤትህ ግባ» አሉ። «እኔ ወንድምህን አልጠላሁትም። ቀብሩ ላይ እንዴት እንደሆንኩ አይተሃል። ግን እሱ ከሠራው ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«ማንም?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«በእመቤቴ፣ ማንም!»

ጋሼ ሰይድ ብሬከሩን አጥፍተዋል። እንደዚያም ሆኖ ግድግዳው አናት ላይ ያለውን፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን ከፍተው ኮረንቲ መኖር አለመኖሩን በሚያሳየው ቴስተር ሽቦዎቹን ነካ ነካ አደረጉ። እኔ ዓይኔን ከእጃቸው አልነቀልኩም። ፒንሳው ሽቦ በነካ ቁጥር አሁን ነው የሚቀያይሩት እላለሁ። አንዷን ከቦታዋ አውጥተው ሌላ ቦታ ቢከቷት ማን ያውቅባቸዋል?

በድንገት ወረዱና «ውጣ። ራስህ እይ» አሉኝ።

ሰው ካላሳየሁህ ብሎ ሲቸኩል ያስጠረጥራል... ግን ወጣሁ።

ሽቦዎቹን ወንድሜ አስጠንቶኛል። ቀዩ ፌዝ ነው፣ ኮረንቲው የሚመጣበት። ጥቁሩ ኒውትራል፣ የሚመለስበት። ቢጫና አረንጓዴው ኧርዝ ነው፤ የሆነ ነገር ሲበላሽ ኮረንቲውን ወደ መሬት የሚወስድ፣ ሰው የሚያድን ሽቦ። ወደ ፍሪጁ የሚወርደው ኬብል ላይ ግን ኧርዙ ከቀዩ ጋር አንድ ላይ ተጠምዝዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ሰው ያድናል የተባለው ሽቦ ኮረንቲውን ቀጥ አድርጎ የፍሪጁ ቆርቆሮ ላይ ያደርሰዋል ማለት ነው።

ይሄን ቤት በሠራበት ሰሞን ጌታነህ ሥራ በዝቶበት ደክሞት ነበር... ለአንድ አፍታ የገዛ ወንድሜን ጠረጠርኩት።

«ቀለሙን ተወው» አሉ ጋሼ ሰይድ መሰላሉን ከታች ይዘው። «ጥምዙን እይ። ሌሎቹ ወዴት ነው የዞሩት?»

«ወደ ግራ።»

«ይሄኛውስ?»

«ወደ ቀኝ...»

«ወንድምህ ፒንሳ በየትኛው እጁ ነበር የሚይዘው?»

በግራው ነበር። ግራ እጄን አንስቼ አሳየኋቸው።

«የሱን ጥምዝ ልፈታ ስል ሁልጊዜ አጠብቀዋለሁ» አሉ። «እጄ በለመደው ሳዞረው ይብስ ይከርራል። በየሰው ጣሪያ ሥር ስንቴ ረግሜዋለሁ መሰለህ! ወላሂ፣ ይሄ ልጅ መቼ ነው እንደ ሰው የሚያስረው እያልኩ...» አቋረጡት። «አላህ ይዘንለት» አሉ።

ከዚያ ወደ ባንኮኒው ዞሩ። «ጥሩወርቅ፣ ይሄ የጌታነህ እጅ አይደለም። ማን ነው የነካው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ንጹሑን ባንኮኒ መወልወል ጀመሩ። «ፍሪጁን ሊጠግን የመጣ አንድ ልጅ ነበር... ፍሪጁን ወዲህ ላምጣው ብዬው ኬብሉን ቀየረልኝ። የት እንደገባ እንጃለት።»

«ሦስተኛዋ ሽቦ የት እንደምትገባ ግራ ገብቶት ከቀዩ ጋር ጠመዘዛት በይኛ። ታዲያ በእመቤቴ ብለሽ የማልሽው?»

«ሰው ሁሉ ማን ሠራው፣ ማን ሠራው ሲለኝ ምን ልበል? ያንን ልጅ እኔ ነኝ ያስገባሁት። እኔን ነው የሚሉኝ።» ድምፃቸው ወረደ። «የሞተ ሰው ደግሞ አይከራከርም።»

ይሄን ያሉት በክፋት አልነበረም። እሱ ነው ይበልጥ የከፋኝ።

ጋሼ ሰይድ ብልሹውን ጥምዝ ቆርጠው ጣሉት። የወንድሜን አንዱንም አልነኩም። አዲስ ኬብል ከዘረጉ በኋላ ግን ብሬከሩ ፊት ቆመው «አላበራም» አሉ። «መጀመሪያ እናቱ ጋ ሄደሽ ትነግሪያታለሽ።»

«በዚህ ሙቀት? ማንጎው ሁሉ ይበላሽብኛል እኮ!»

«እንግዲያው ፍጠኚ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ባጃጅ አስቁመው እኔን ከጎናቸው አሳፈሩኝ። ቤታችን በረንዳ ላይ ቆመው ለእናቴ ሁሉንም ነገሯት። እናቴ እስኪጨርሱ አዳመጠችና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ነይ እንሂድ» አለቻቸው። «ይሄንን ገበያው መሃል ነው የምትደግሚው።»

ሰው ሲሞት ሥራው ይቀራል ሲባል ሰምቼ ነበር... የሌላ ሰው ሥራም እንደሚጨመርበት ግን የነገረኝ የለም።