ኩማጋይ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠላ ዕለት

ኩማጋይ ክፉ ሰው ነው። ሥራው ነው ማለቴ ነው፤ ተመልካች እንዲጠላው ነው የሚከፈለው። በኛ የትግል ትርኢት ቡድን ውስጥ ሰው ከኋላው በወንበር እየመታ፣ ዳኛ ዓይን ውስጥ ጨው እየበተነ ነው ያረጀው። እኔ ሪንጉን፣ የሚታገሉበትን መድረክ፣ ጭኜ የምዞር ሹፌር ነኝ።

ድሮ ቴሌቪዥን ሲያሳየን አዳራሹ ጢም ይላል። ኩማጋይን ከልባቸው ይጠሉታል። ኑድል ቤት ሲገባ ድስቱ እየተንተከተከ "አልቋል" ይሉታል። እሱን መኪናህ ላይ አሳፈርክ ብለው የኔን ጎማ አስተንፍሰውታል። ያን ቀን ኩማጋይ ደስ ብሎት አደረ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተወን። ወጣቱ ቶኪዮ ገባ፣ አለቃችን አውቶብሱን ሸጠ፣ ተፋላሚዎቹም ከኔ ጋር ሪንግ ይሸከሙ ጀመር። የቀሩልን አሮጊቶች ናቸው። አሮጊት ደግሞ ሰው መጥላት ይደክማታል። ኩማጋይ ወንበር ሲያነሳ "ወገቡን እንዳያመው!" ይላሉ።

ቡድኑ ሊዘጋ የመጨረሻውን ትርኢት አኪታ የሚባል ገጠር፣ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ አሳየን። ሪንጉን ስንተክል እማማ ቶሜ መጡ። በየዓመቱ ጨው ውስጥ የከረመ ጎመን በማሰሮ ያመጡለታል፤ ያምናውን ባዶ ማሰሮ ተቀብለው ይሄዳሉ።

"እማማ፣ ዛሬ እንኳን ይስደቡኝ" አላቸው። "አንዴ ተጠልቼ ልውጣ።"

"አንተን? ጉልበትህ እንዴት ነው ልጄ? በል እንካ፣ ብላ።"

ሪንግ ሲገባ አሮጊቶቹ ባለቀለም የወረቀት ጥቅል ወረወሩለት። ይሄ ለጀግና ነው የሚወረወረው። ፊቱ ጠቆረ። ወንበር አነሳ፤ አጨበጨቡ። ዳኛውን ነከሰ፤ ሳቁ። አያቶቻቸውን ሰደበ። አያቶቹ እነሱው ናቸው፤ አሁንም ሳቁ።

በመጨረሻ ማይኩን ነጠቀ። "አንቺ ቶሜ! ያንን ጎመንሽን በየዓመቱ ለውሻዬ ነው የምሰጠው! እሱም ይተፋዋል!"

ሳቁ ቀጥ አለ። አንድ መንደሪን መጥታ ግንባሩን አለችው።

"ባለጌ!" አሉ እማማ ቶሜ፣ ብድግ ብለው።

ከዚያማ አሮጊቶቹን ማን ይቻላቸው! "ውጣ! ውጣ!" መንደሪን ዘነበ። ኩማጋይ ሲወጣ ትከሻው እንደ ድሮው ሰፍቶ ነበር።

ሪንጉን ስንጭን "እማማ በሩ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፤ ሂድና ይቅርታ በላቸው" አልኩት።

"ይቅርታ ካልኩ መልሰው ይወዱኛል።"

"ይውደዱህ፣ ምን አለበት?"

መኪናው ውስጥ ማሰሮውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጎመኑን በጣቱ እያወጣ ይበላ ጀመር። ውሻ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ተራራውን ሳናልፍ ጨረሰው።

"ማሰሮው የሳቸው ነው" አለ።

"ከርሞ ትመልስላቸዋለህ" አልኩት፣ ቡድኑ መዘጋቱን ረስቼው።