የኩሬዋ ዓሦች

ሰቆጣ ገበያ ውስጥ አንድ ዓሣ ነጋዴ ትኩስነቱን ሊያሳየኝ የዓሣውን ጉንጭ ገልጦ የሚተነፍስበትን ቀይ ስንጥብ በጣቱ ሲነካው አያቴ ትዝ አሉኝ።

ያደግሁት ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ፣ ዝቋላ ነው። ዝናብ በዘገየበት ዓመት ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ደርቆ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረች። አያቴ ደረታቸውን ይታመሙ ስለነበር ጥቂት ሄድ እንዳሉ ቁጭ ብለው ያርፋሉ። አንድ ቀን ፍየሎቹን ልናጠጣ አብረን ወረድን። ኩሬዋ የሞቀ ጭቃ ትሸታለች። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ውሃው ገጽ ላይ ተኮልኩለዋል።

«ውሃ ውስጥ እያሉ ምን ሆነው ነው?» አሉኝ አያቴ።

ትምህርት ቤት የተማርኩትን ነገርኳቸው። «ዓሣ ውሃውን በአፉ አስገብቶ በስንጥቡ ያስወጣዋል፣ አባባ። ስንጥቡ እንደ ስስ ቅጠል የተደራረበ ነው፤ ውሃው ሲያልፍበት ደሙ አየሩን ይወስዳል። ውሃ ሲሞቅና ሲያንስ ግን አየሩ ያልቅበታል።»

አያቴ ደረታቸውን ያዝ አደረጉ። «እነሱ አየሩ አለቀባቸው። እኔ ደግሞ አየሩ ሞልቶ የምስብበት አጣሁ» አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ውሃውን በቅል እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሱ ጀመር። ዓሦቹ ውሃው አየር ይዞ አረፋ ወደሠራበት ተሰበሰቡ። «ይተዉት አባባ፣ መድረቁ አይቀርም» አልኳቸው።

«መድረቁማ አይቀርም» አሉ፤ መቅዳታቸውን ግን አልተዉም።

ኩሬዋ ደረቀች። አያቴም ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ። ዝናቡ ዘግይቶ መጥቶ ወንዙ ሲሞላ ዓሣ አላየሁበትም። እስካሁንም አላየሁበትም።