ተራ የማያውቀው ስብስብ

አባቴ አዘዞ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ቄስ ነው። እዚያ ካህናቱ በየሳምንቱ ተራ እየገቡ ይቀድሳሉ፤ ሰሞነኛው ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ አይመጣም፣ እዚያው ግቢ ያድራል። የተራውን ፕሮግራም በኮምፒውተር እንድሠራ የደብሩን አለቃ የለመነልኝ እሱ ነው፤ "ልጄ ትችለዋለች" ብሎ። ካበላሸሁ የሚያፍረውም እሱ ነው።

የካህናቱ ስምና ተራ የተመዘገበበትን ዳታቤዝ ከፕሮግራሜ የሚያገናኘውን ኮድ እኔ አልጻፍኩትም፤ የዳታቤዙን ሰንጠረዦች አይቶ ራሱ ኮድ የሚጽፍ የኮምፒውተር መሣሪያ አለ። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! ቁልፍ ተጫንኩ፣ ኮዱ ዝርግፍ አለ። ለካ ካህናቱን የከተታቸው ቅደም ተከተል በማያውቅ የስብስብ ዓይነት ውስጥ ነው። ሁሉም አሉ፤ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ግን ተራቸው ይቀያየራል።

ይህን ያወቅሁት አባቴ ጋቢውን ተሸክሞ ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ነው።

"ምነው አባዬ?"

"ሰሞኑ የአንተ አይደለም አሉኝ። ሌላም ቄስ እንደኔው ጓዙን ይዞ መጥቷል።"

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቃው እስከ እሁድ ካልተስተካከለ ይቅርብን ብለዋል።

መሣሪያው የጻፈውን ፋይል ከፍቼ ስብስቡን በተራ በሚያስቀምጥ ሊስት ቀየርኩት። ሠራ! ጨፈርኩ። ከዚያ ለስልክ ቁጥር አንድ ዓምድ ጨመርኩና መሣሪያውን እንደገና አስነሳሁት፤ የጻፍኩትን ጠራርጎ ወደ ድሮው መለሰው። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና ጠረገ። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ ከጀርባዬ ቆሞ፣ "አንቺ፣ ፋይሉ አናት ላይ በእጅ አትንኩ ይላል እኮ። ማንበብ አቆምሽ?" አለኝ።

"ታዲያ የት ልንካ፣ አዋቂው?"

"ለመሣሪያው ንገሪው እንጂ! የሚጽፍበትን መመሪያ፣ ቅንብሩን፣ አስተካክይ።"

ተናደድኩበት፤ ግን ልክ ነበር። ቅንብሩ ውስጥ ለዚህ ስብስብ ብቻ ሊስት ተጠቀም፣ በተራ ቁጥር ደርድር ብዬ ጻፍኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃው ላፕቶፔ ላይ ፕሮግራሙን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ። ተራውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ከንፈራቸውን እያነቃነቁ አመሳከሩ። አባቴ መቋሚያውን ጨብጦ ወለሉን ያያል።

"ሸጋ ነው፤ ይቆይ" አሉ። "የዲያቆናቱንም ጨምሪበት።"

መጨመር ማለት መሣሪያውን እንደገና ማስነሳት ነው። እዚያው ፊታቸው ቁልፉን ተጫንኩ። ለዲያቆናቱ ቦታ ተከፈተ፤ የካህናቱ ተራ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ቀና አለ።